ብዛት፦ ሁለት

ሰኔ ሠላሳ ነው፤ የዓመቱ ቆጠራ።
የጅማ ዝናብ ከቆርቆሮው ጋር ሲያወራ
ከእርሻ ትምህርት ቤቱ ከአሮጌው መጋዘን
ስመዘግብ ዋልኩኝ፦ የዛገ ሚዛን፣
እጀታ የሌለው ዶማ አርባ ሦስት፣
የወተት ጣሳ አንድ፣ የላም ደወል ስድስት፤
ከመደርደሪያው አናት፣ ከሸረሪት ድር ሥር
አንድ ጥቅል ሸራ፣ ወገቡ በሲባጎ እስር።

ፈታሁት። መጥበሻ ወጣ።

እጀታው ወደ ምዕራብ፣ ሆዱ ምሥራቅ የተቀመጠው፣
ሮዝና ቢጫ፣ አንድ ጎኑን ምስጥ የመጠመጠው።
ከላዩ በትልቁ፦ ኦክላሆማ።
ሰቃን አውቃለሁ፣ ማናን፣ ጌራን፣ ጎማ፤
እንዲህ የሚባል ወረዳ ግን ሰምቼ አላውቅማ።

ጋሽ ሙዘይን አባ ፊጣ፣ ጡረታ የወጣው የዕቃ ግምጃ ቤት፣
ጃንጥላውን አጥፎ ቆመ ከበሩ ፊት።
«ይኼማ የኔ ነው» አለ። «የመንግሥት ነው» አልኩት።
«የመንግሥትማ ነው፤ እኔ ነኝ ግን የሸመደድኩት።»
ዓይኑን ጨፈነ፦

«ደቡቡ ቴክሳስ፣ በቀይ ወንዝ የሚዋሰን፤
ሰሜኑ ካንሳስ፣ ኮሎራዶም እጀታው ጋ ጥቂት ድርሻ አላት መሰለን፤
ምሥራቁ አርካንሳስና ሚዙሪ፣ ምዕራቡ ኒው ሜክሲኮ፤
አውራጃው ሰባ ሰባት፣ በጣቴ ቆጥሬዋለሁ እኮ!
ዋና ከተማው ስሙን ከአገሩ ተበድሮ
ኦክላሆማ ሲቲ ተባለ፣ ሌላ ስም ቸግሮ።
እጀታው ‹የማንም ያልሆነ ምድር› ይባል ነበር አንድ ሰሞን፤
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የባላባትና የጭሰኛ ልጆች ነበርን።

ሚስተር ሃርላን ከዚያው አገር የመጣ፣
ስለ ላምና በቆሎ ሊያስተምር ካርታ ይዞ ወጣ።
‹የአገራችሁ ካርታ በመርከብ ላይ ነው› አለን፤
እስኪደርስ ሰሜንና ደቡብን በዚህ ለየን።
እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ትልቁ ተራራቸው ብላክ ሜሳ ነው። ፉቱን ወደ ሜትር ብንመልስ
ሺህ አምስት መቶ ከምናምን፤ ከዚያ ወዲያ አይደርስ።
ጅማ ሺህ ሰባት መቶን አለፈች።
ከአዌቱ ድልድይ ላይ ቆመን ተያየን፤
የነሱ ጫፍ ከኛ እግር በታች ሆነብን።
ያን ሳምንት ሚስተር ሃርላንን ቁልቁል አየነው፣
ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቢቀረው።

‹ስሙስ ምንድን ነው?› አልነው።
‹በቾክታዎች ቋንቋ ቀይ ሕዝብ› አለ።
‹የታሉ?› አልነው። ጠመኔውን በጣቱ አሸ።
‹ከሩቅ ምሥራቅ፣ በብርድ፣ በእግር ተነድተው የመጡ ናቸው።›
‹በየት በኩል? የቱ ጋ ነው መንገዳቸው?›
‹እዚህ ላይ አልተሣለም።›
ደወል እስኪደወል ዝም አልን። የቆጪ ጭቃ
ጉልበታችን ድረስ ነበር፤ ቀይ፣ ቀይ በቃ።»

ዓይኑን ገለጠ። «ገልብጠው» አለኝ።

ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በልጅ እጅ፣ በዚያው መለኪያ ተሥሎ፦

ስም፦ ጅማ።
ወንዝ፦ አዌቱ፤ ክረምት ሲሆን ድልድይ ይሰርቃል።
ከፍተኛ ቦታ፦ ጅሬን፤ ከዚያ ቤታችን ይታያል።
ውሃ፦ ቦዬ፤ ጉማሬ አለበት፣ መዋኘት አያዋጣም።
ገበያ፦ ሂርማታ፣ ሐሙስ። ዕዳ ያለበት አይመጣም።
የሕዝብ ብዛት፦ ብዙ (እናቴን ጨምሮ)።
መንገድ፦ ሁሉም ተሥሏል።

ሁሉንም መንገድ ሥሎታል በእውነት፤
የፍየሉን፣ የሌባውን፣ ሙሽራ የሚሄድበት።
ምስጡ ብቻ አንዱን ሰፈር በልቶታል፤ ጋሽ ሙዘይን
በቀዳዳው ሌባ ጣቱን አሾልኮ
በዚያ በኩል፣ ቱልሳ አጠገብ፣ አወዛወዘልኝ።

«ሞዴሉ ላይ ምን ልበል?» አልኩት። «የምታየውን።»
ጻፍኩ፦ ካርታ። ብዛት፦ ሁለት።

በማግስቱ ኦዲተሩ መጣ፤ «አንዱ የታለ?»
ሸራውን ገለበጥኩለት። ረጅም ጊዜ አየ፣
አንድ ቦታ ላይ ጎንበስ አለ፣ ምናልባት የሚያውቀው ጓሮ፤
ከዚያ ምራቁን እርሳሱ ጫፍ ላይ ነካ አድርጎ
ከ«ማብራሪያ» ሥር ጻፈ፦
አንዱ በእርሳስ ነው። ዝናብ እንዳያገኘው።